ሳተላይቱና የወይዘሮ ብርቄ ማጀት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ስሜን ለመፈረም ብቻ ነበር። አሁን የምጽፈው ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ነው። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነኝ። ከጉዞ ስመለስ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ከበውኝ፣ «እስቲ የቡናውን አገር ንገሪን» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ «ጥሩ ነው» ብቻ አልኳቸው። «ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ የጠፋሽው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለእነሱ ጻፍኩት። አንዷ ታነብላቸዋለች፤ እኔ ሲነበብ ውጭ እቆያለሁ።

እኛ ለቃሚዎች ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነፍሳት የበላውን ፍሬ ከደህናው ስንለይ እንውላለን። ጆንያው ላይ ቡናው የመጣበት አገር ስም ይጻፋል። ኮቸሬ የሚለውን ስም የራሴን አገር ስም ካነበብኩት በላይ አንብቤዋለሁ፤ የቡና ዛፍ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ከመካከላችን የዚያ አገር ሰው አስቴር ብቻ ናት፤ ጌዴኦ ናት፣ ወላጆቿ ኮቸሬ ውስጥ ቡና ያመርታሉ። ኅዳር ላይ አሮጌው ቡና አልቆ አዲሱ ገና ሳይገባ፣ ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ አባቷ ደወሉላት። በቋንቋቸው ረጅም ሰዓት አወሩ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«ሳተላይት የጎረቤታችንን ማጀት ለአባቴ ሰጥቶታል» አለችኝ። «ጎረቤታችን ሰላምታ ነሥቶታል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ደግሞ የሁለቱንም ቡና አልቀበልም ብሏል። ቡናው ዛፍ ላይ ቀልቷል። መሄድ አለብኝ።»

ምንም አልገባኝም። «ሥራ ፈትተሽ ከምትቀመጪ አብረሽኝ ነይ» ስትለኝ ግን እሺ አልኳት። እምቢ ማለትም ያሳፍረኛል።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። አውቶቡስ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ለአስቴር ለቀቅኩላት፤ ስህተት ነበር፣ ሞጆ ሳንደርስ ያጥወለውለኝ ጀመር። ለመናገር አፍሬ አፌን በነጠላዬ ይዤ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የነበሩ እናት ትከሻዬን ነክተው ግማሽ ሎሚ ሰጡኝ። «ታሸቺዋለሽ እንጂ እንዳትበዪው» አሉኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ መቂ ላይ ወረዱ።

ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ሰዎች እንደገና ወደ ጨረቃ እየሄዱ እንደሆነ ይወራል። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ የእህል ነጋዴ፣ «ለመሆኑ እዚያ ምን ሊዘሩ ነው? ጤፍ እንደሁ አይበቅልበት» አሉ።

አጠገባቸው መነጽር ያደረገ መምህር ተቀምጧል። «ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ። እጅዎ ላይ ያለው ስልክ እንኳ መንገድ የሚያሳየው ወደ ሰማይ በላኩት ነገር ነው።»

«የኔ ስልክ የሚሠራው በካርድ ነው» አሉ ነጋዴው። አውቶቡሱ ሳቀ።

ባቱን ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ሲታይ ክርክሩ ወደ አየር ንብረት ዞረ። ነጋዴው፣ ፈረንጆች ስንት ዘመን በፋብሪካ ጭስ ሰማዩን ካጠቆሩ በኋላ ዛሬ የኛን ከሰል አክሳይ ይቆጣጠራሉ አሉ። መምህሩ፣ ድርቅ ሲመጣ ማን አጨሰ ብሎ አይጠይቅም፣ ዛፍ የቆረጠም ያልቆረጠም እኩል ይራባል አለ። ነጋዴው፣ «እኛ ዛፍ እንተክላለን፤ በየዓመቱ ቀበሌ እያስወጣ ያስተክለናል፤ የተከልነው የት እንዳለ ግን ቀበሌም አያውቅ» አሉ። መምህሩም እዚህ ላይ ሳቀና ተስማማ።

እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ሰላሌ ነው ያደግኩት፤ አያቴ በልጅነታቸው ዱር የነበረ ያሉኝን ቦታ እኔ የማውቀው ራቁት ሜዳ ሆኖ ነው። ያንን ሜዳ ያራቆተው ፈረንጅ አይደለም፣ እኛው ነን። ግን አንድ እንጀራ ለመጋገር ማገዶ ያጣችን ሴት፣ በአውሮፕላን እየተመላለሰ ስለ ሙቀት ከሚሰበሰብ ሰው ጋር እኩል ጥፋተኛ ማድረግም ደግ አይደለም። ይህን በአፌ ብናገር ኖሮ ነጋዴውም መምህሩም ዞረው ያዩኝ ነበር።

ሻሸመኔን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫው ጎማም ንፋስ እንደሌለው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጥላ ፍለጋ ወርደን አንድ አጥር ሥር ቆምን። የቤቱ ባለቤት ወጥተው ምን ትፈልጋላችሁ ይሉናል ብዬ ስፈራ፣ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ሰጡንና ሥራቸውን ቀጠሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው አጥር ሥር ብዙ ብትቆሚ ዘበኛ ይመጣል።

ከሐዋሳ በኋላ አገሩ እየለመለመ ሄደ። ጩኮ ላይ በመስኮት አናናስ ተሸጠልን፤ ተልጦ በፌስታል፣ ጭማቂው እጄ ላይ እየወረደ። ዲላ ስንደርስ መሽቶ ነበር፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት አነጋገሬን ሰምተው «ከወዴት ነሽ?» አሉኝ። ሰላሌ ስላቸው አባታቸው በወታደርነት ከዚያው የመጡ ሆነው ተገኙ። ሴትየዋ ራሳቸው ሰላሌን አይተው አያውቁም። «እውነት ብርዱ እንደሚባለው ነው?» እያሉ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ብርዱ ከማንም ጋር አውርቼ የማላውቀውን ያህል አወራሁ። ጠዋት ጫማዬ ታጥቦና ደርቆ በር ላይ አገኘሁት።

ማክሰኞ

በሚኒባስ ወናጎን፣ ይርጋ ጨፌን አልፈን የኮቸሬዋ ከተማ ፍስሐ ገነት ገባን። መንገዱን ሙሉ እርሻውን ስፈልግ ነበር። በኛ አገር እርሻ ማለት ከአድማስ እስከ አድማስ የሚታይ ነገር ነው፤ ሰው ከመጣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲመጣ ታዪዋለሽ። እዚህ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዱር ብቻ ነው። በመጨረሻ አስቴርን «እርሻው የት ነው?» አልኳት።

«ውስጡ ነን» አለችኝ።

ከፍስሐ ገነት ወደ ሬኮ በሚወስደው መንገድ በሞተር ሄደን፣ ቀሪውን ጭቃ ለጭቃ በእግር ስንወጣ ነው የገባኝ። ከላይ እነ ዋንዛና ብርብራ ሰማዩን ሸፍነዋል። ከሥራቸው ቡና አለ፤ ከቡናው ጎን እንሰት ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ከእንሰቱ ሥር ጎመንና ቦይና የሚሉት ሥራ ሥር አለ። በየመካከሉ ጢስ ይወጣል፤ ጢሱ ያለበት ሁሉ ቤት ነው። ዱር ያልኩት መንደር ነበር። ከኛ ሜዳ ይልቅ እዚህ ተዳፋት ላይ ብዙ ሰው ይኖራል፣ ግን አንዱም ቤት ከሩቅ አይታይም። እንዲህ ያለ አሠራር አይቼ አላውቅም። መሬቱን ሳያራቁቱ መብላት እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም ነበር።

የቡና ዛፍ ሳይ ቆምኩ። ፍሬው እንደ ደም ቀልቷል። አንዱን ቀጥፌ አፌ ውስጥ አደረግሁት፤ ጣፋጭ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለቅመው የኖርኩት ነገር ልጣጩ ጣፋጭ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዳንዱ ዛፍ ሥር ግን ፍሬው ረግፎ መሬት ላይ ይበሰብስ ነበር። አስቴር አየችው። የአባቷ ዛፍ ነበር።

አቶ በራሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ እጃቸውን ከኋላ የሚያጣምሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወንድ ነው የጠሩኝ። «ዘመዴ፣ ግባ» አሉኝ። እኔም ወደድኩት።

ቆጮና ጎመን ቀርቦ ከተጸለየ በኋላ ነገሩን ነገሩን። ቡናውን የሚገዙት አውሮፓውያን፣ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አንገዛም የሚል ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ድንበር በስልክ ተስሎ ከሳተላይት ፎቶ ጋር ይተያያል። ሥራውን የሚሠራው ማጠቢያ ጣቢያው የቀጠረው ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ናትናኤል ስልኩን ከፍቶ ለአቶ በራሶ ሰጣቸውና «በድንበርዎ ላይ ዞረው ይመለሱ፤ እሱ ራሱ ይስላል» አላቸው። እሱ ወደ ሌላ ገበሬ ሄደ።

«ስልኩን ኪሴ አደረግሁ» አሉ አቶ በራሶ። «በድንበሬ ሄድኩ። ዱካለ ቤት ጋ ስደርስ ብርቄ ‹ግባ› አለ።»

ብርቄ የጎረቤቱ የአቶ ዱካለ ሚስት ናቸው።

«ታዲያ ገቡ?» አልኳቸው።

አቶ በራሶ ጥያቄዬ ያልገባቸው ይመስል አዩኝ። «ግባ አለ እኮ» አሉ።

ገቡ። ማጀት ውስጥ እሳት ዳር ተቀመጡ፤ ቆጮ በሉ፤ መረቁ። በጓሮ በር ወጥተው አዲስ የተወለደውን የዱካለን ጥጃ አዩ። ከዚያ እንሰቱን አቋርጠው ወደ ድንበራቸው ተመለሱ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሳለው። ካርታው ሲወጣ የአቶ በራሶ ማሳ እንደ ምላስ ተዘርግቶ የዱካለን ማጀት፣ በረትና ግማሽ እንሰት ውጧል። የዱካለ ማሳ ደግሞ በራሱ ቦታ ተስሏል። አንድ መሬት ሁለት ባለቤት ስለሆነበት ሲስተሙ ሁለቱንም ቀይ አደረጋቸው። ቀይ የሆነ ገበሬ ቡናውን ለማጠቢያው ማስረከብ አይችልም። ይባስ ብሎ፣ ቀበሌው ይህንኑ ካርታ ለይዞታ ማረጋገጫ ሊጠቀምበት ነው የሚል ወሬ መጣ።

ወይዘሮ ብርቄ ገበያ ላይ ያሉትን አስቴር ተረጎመችልኝ። «እኔ ቆጮ አቀረብኩ፤ እሱ ማጀቴን ወሰደ።» አቶ በራሶ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ እሳቱ መለሱ። ከቡናው ይልቅ ቃሉ እንደጎዳቸው ያስታውቅ ነበር።

ያን ሌሊት ተኝቼ እንዲህ አልኩ፤ እኛ ሰፈር ቢሆን ካርታው ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ማንም ማንንም ግቡ አይልማ።

ረቡዕ

ጾም ነበር። የእነ አስቴር ቤተሰብ ጴንጤ ስለሆኑ ረቡዕን አይጾሙም፤ እኔም ቅቤ አልበላም ለማለት አፈርኩ። ሲቀርብልኝ ቁራሽ ይዤ ማሽከርከር ጀመርኩ። የአስቴር እናት ወይዘሮ ዓለሚቱ አንድ ጊዜ አዩኝ። ሳህኑን አንስተው፣ ቅቤ ያልነካው ቆጮ ከአቮካዶ ጋር አመጡልኝ። ለራሳቸውም ያንኑ አቀረቡና አጠገቤ ተቀምጠው በሉ። ብቻዬን እንዳልበላ ብለው ነው።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መሰብሰቢያው ሶንጎ ይባላል፤ ማንም የማይቆርጣቸው ትላልቅ ዛፎች ሥር ያለ ቦታ ነው። እኛ ሴቶች ዝቅ ብለን ተቀመጥን፤ አስቴር በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ነበር። አቶ ዱካለን ያን ጊዜ አየኋቸው፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው።

ናትናኤል ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀ። «ዳታው ሲላክ ቼክ ማድረግ ነበረብኝ፤ ብዙ ማሳ ነው፣ አመለጠኝ» አለ። እንደገና ቢዞር ሊስተካከል እንደሚችል ተናገረ። ወዲያው አቃፊ የያዘ የቀበሌ ሰው ተነሳ።

«በሲስተም የገባ ድንበር በሽማግሌ አይሻርም» አለ። «የመንግሥት አሠራር አለ።»

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው፣ «ድንበሩን ማን አስገባው?» አሉ።

«ስልኩ።»

«ስልኩ ከየትኛው ጎሳ ነው? አባቱን እናውቀዋለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀበሌው ሰውም ሊስቅ ፈልጎ ራሱን ሲይዝ አየሁት። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ይህ ሰው ሲወለድ ድንበሩ ነበረ» አሉ ወደ ዱካለ እየጠቆሙ። «መንግሥት ሲመጣና ሲሄድም ነበረ። ከሰማይ ያየ ካለ ይምጣና እዚህ ቁጭ ይበል፣ እንጠይቀዋለን። ካልመጣ ግን ምስክር አይሆንም።»

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጻፍ። እኔ ሳተላይት አልጠላም። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ያሳያል ይላሉ፤ የኛም አገር ልካለች ተብሎ ሲነገር ደስ ብሎኝ ነበር። ደን እንዳይጨፈጨፍ ከላይ የሚያይ ዓይን መኖሩም ክፋት የለውም፤ የኛ ሰላሌ ያ ዓይን በጊዜው ቢኖረው ምናልባት ይተርፍለት ነበር። የሚከፋው፣ ዓይኑ ያየውን ይዞ መሬት ላይ ያለ ሰው «አበቃ፣ ተዘጋ» ሲል ነው። እኛ ሰፈር መንገድ ይሰፋል ተብሎ አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ጊዜ ማንም ወጥቶ «ለምን?» አላለም፤ እኔም አላልኩም። መንግሥት የማይጠየቅ ይመስለን ነበር። እዚህ የአንድ መንደር ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ጠየቀ። ቀናሁባቸው። ዛፍ ጠብቀው የኖሩ ሰዎች ዛፍ እንዳልቆረጡ አስመስክሩ መባላቸው ደግሞ ዛሬም ይገርመኛል።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋግረው ወሰኑ። ድንበሩ ነገ እንደገና ይዞራል። ስልኩን የሚይዘው እዚህ አገር መሬት የሌለው ሰው ይሆናል። ሁለቱ ባለ ማሳዎች ከኋላው ይሄዳሉ። ከዚያ ደግሞ በዚያ መንደር ተሰምቶ የማያውቅ ውሳኔ ጨመሩ፤ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ማንም ሰው ማንንም «ግቡ» እንዳይል።

ሴቶቹ መካከል ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት አሮጊት፣ «ታዲያ እናንተ ስታልፉ ምን እንበል?» አሉ። 

መሬት የሌለው ሰው ማን ነው ተብሎ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስቴር እጄን ባትይዘኝ ኖሮ ተነስቼ እሮጥ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ጉም ነበር። ናትናኤል ስልኩን ሰጥቶኝ «ኪስሽ እንዳታስገቢው፤ በፊትሽ ያዢው፤ ከድንበሩ እንዳትወጪ፤ በቃ ይኸው ነው» አለኝ።  ከኋላዬ አቶ በራሶና አቶ ዱካለ ይከተሉኛል። ሁለቱ ከተኳረፉ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም፤ ያን ቀንም የሚነጋገሩት በእኔ በኩል፣ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ነበር።

«ለሱ ንገር» አሉኝ አቶ ዱካለ፤ «ድንበሩ በዚያች ተክል ላይ ነው።»

«ለሱ ንገር» አሉኝ አቶ በራሶ፤ «ያችን ተክል አባቱና አባቴ አብረው ተከሉ። አውቃለሁ።»

ለማን ምን እንደምናገር ጠፍቶኝ ስልኩን በፊቴ ይዤ ሄድኩ።

በየደጁ ያየሁትን አልረሳውም። ጠዋት ነው፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል። ሰው እያለፈ ግቡ አለማለት ስላሳፈራቸው በራቸውን ዘግተው ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዷ እናት ውጭ ስንደርስባቸው ደንግጠው ጀርባቸውን ሰጡንና ግድግዳውን እያዩ ቆሙ። ሶንጎ ላይ የጠየቁት አሮጊት ደግሞ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ግን ግቡ ይል ነበር። አዲስ አበባ የተዘጋ በር ለምጄ ስለኖርኩ ምንም አይመስለኝም ነበር። ያን ቀን ግን በር ሲዘጋ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አየሁ።

የአቶ ዱካለ ቤት ጋ ስንደርስ ማካፋት ጀመረ። ከጓሯቸው በኩል ድንበሩ ቁልቁል ይወርዳል። ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ ስሄድ እግሬ ከዳኝና ወደቅሁ። ስልኩን አልጣልኩም፤ ጉልበቴ ግን ድንጋይ ላይ አርፎ ተተለተለ። ወይዘሮ ብርቄ ከማጀቱ ሮጠው ወጡ።

«ውይ ልጄ፣ ግ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እንዳትነቃነቂ!» ብሎ ጮኸ ናትናኤል ከላይ። «እዚያው ሁኚ፣ ድንበሩ ላይ ነሽ!»

ወይዘሮ ብርቄ ተመልሰው ገቡ። በጣሳ ለብ ያለ ውኃ ይዘው መጡና በራሳቸው መሬት ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከድንበሩ ማዶ ሆነው ጉልበቴን አጠቡልኝ። እኔ ልነሳ ስል ተንሸራተትኩ።

«ያዘው እንጂ!» አሉ አቶ ዱካለ።

«ይዣለሁ፤ አንተ በዚያ ያዝ» አሉ አቶ በራሶ።

በሁለት በኩል አንስተው አቆሙኝ። ሁለቱም ስለ እኔ ጉልበት እየተጨቃጨቁ ትንሽ ከሄዱ በኋላ፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ መሆናቸውን አወቁትና እንደገና ዝም አሉ። 

ዙሩ ሲያልቅ ናትናኤል ስልኩን ዘግቶ ካርታውን አሳየን። የሳተላይቱ ፎቶ ላይ ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ማጀትም የለም። ሁሉም አረንጓዴ ነው። በላዩ ላይ እኔ የሄድኩበት ቀጭን መስመር ብቻ አለ። ስንት ቤተሰብ በልቶ የሚያድርበት መሬት ከላይ ሲታይ ያልተነካ ደን ይመስላል። ለዚያ አገር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ያለ አይመስለኝም፤ ሳተላይቱ ግን ይህን ማንበብ አይችልም።

ኔትወርክ ፍለጋ ናትናኤል ኮረብታው ላይ ወጣ። አቶ ዱካለ፣ «ይላክና እናያለን» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አቶ በራሶ እዚያው ቆመው በሩን አዩት። እንዲገቡ አልተጠሩም።

ዓርብ

የመመለሻውን መንገድ አልጽፍም፤ እንደ መሄጃው ነው። ለመሄድ ያሰብነው ዓርብ ቢሆንም የተነሣነው ቅዳሜ ነው፤ ለምን እንደሆነ ብቻ ልንገራችሁ።

ዓርብ ጠዋት ናትናኤል በሞተር መጣ። ሁለቱም ማሳ አረንጓዴ ሆኗል፤ ማጠቢያው ከዛሬ ጀምሮ ቡናቸውን ይቀበላል። ስለ ይዞታው ቀበሌው ምን እንደሚል ናትናኤልም አያውቅም፤ ይህን ስጽፍም አልተሰማም። ወይዘሮ ዓለሚቱ ወዲያው ቅርጫት ይዘው ወደ ቡናው ገቡ። እኔና አስቴር ሻንጣችንን አነሳን። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ተሰጠን፤ አቶ በራሶ ሊሸኙን የኔን ሻንጣ ይዘው ቀደሙ። ወደ መንገዱ የሚያወጣው በአቶ ዱካለ ደጅ ነው።

አቶ በራሶ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸውን አፋጠኑ። በሩ ክፍት ነበር። አቶ ዱካለ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወይዘሮ ብርቄ። አቶ በራሶ ቆሙ። ማንም ሰላም አላለም። አስቴር ሰዓቱን እያየች ነበር፤ ከፍስሐ ገነት የሚነሳው መኪና አይጠብቀንም።

አቶ ዱካለ አቶ በራሶን አላዩዋቸውም። ያዩት እኔን ነው።

«ናትናኤል ጨረሰ?» አሉኝ። «ስልኩ ተዘጋ?»

«ተዘግቷል» አልኳቸው። እዚያ አገር ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እንግዲያው» አሉኝ፣ «ሦስታችሁም ግቡ።»